አለቃ የቀቀሉት የጥርስ ማቃኛ

በትልቁ ሆቴል ምድር ቤት የነበረው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከሲኦል የሚለየው ሳሙና ስላለው ብቻ ነበር። እንፋሎቱ ከመወፈሩ የተነሳ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በሳላቸው ነው። የግድግዳው ሰዓት እንኳ ሙቀቱ አድክሞት ከቀትር በኋላ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። የዚህ ግዛት ገዥ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ከሥራ አስኪያጁ እስከ በረኛው ድረስ ሁሉም «አለቃ» ይላቸዋል፤ ሚስታቸውም ሲያበሳጯት እንደዚሁ።

አለቃ በዕድሜያቸው ያጠቡት አንሶላ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ምድርን ዞሮ ትራፊው ለመጋረጃ ይበቃል። እምነታቸው አንድ ነበር፤ ያልፈላ ነገር አልጸዳም። ፎጣ ያፈላሉ፣ ማበጠሪያ ያፈላሉ፣ የሥራ አስኪያጁን ከረባት አፍልተው ለሕፃን ልጅ የሚሆን አድርገው መልሰውለታል። የታጠበውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። «ንጹህ» ካሉ ንጹህ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ግን ድካሙ አጥንታቸውን ጨርሶ ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከምግብ አዳራሹ የወረደውን የናፕኪን ክምር ሲያራግፉ አንድ ደረቅ ነገር ወለሉ ላይ ቀጭ ብሎ ወደቀ። የጥርስ ቅርጽ የያዘ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። አለቃ ሳይገረሙ አነሱትና መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠው የብስኩት ጣሳ ጨመሩት። ጣሳው በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። እንግዶች ሊበሉ ሲሉ ጥርሳቸውን የሚያቃኑበትን ወይም ተቃንቶ ያለቀውን የሚይዙበትን ማቃኛ ያወልቁና በናፕኪን ይጠቀልሉታል። ናፕኪኑ ከሳህኑ ጋር ይነሳል። ባለቤቱ ትዝ ሲለው እሱ አውሮፕላን ላይ፣ ዕቃው ጣሳ ውስጥ ነው።

ልክ በዚያን ጊዜ ፊቱና ጃኬቱ አንድ ዓይነት የአቧራ ቀለም የያዙ ጎልማሳ በበሩ ብቅ አለና ሆቴል እንደገባ የሰጠው ሸሚዝ ደርሶ እንደሆን ጠየቀ። አለቃ ቀና ሳይሉ፣ ሸሚዝም እንደ ሰው ተራውን እንደሚጠብቅ ነገሩት። ሰውየው አልሄደም። በእንፋሎቱ ውስጥ አጮልቆ አጮልቆ፣ «ጋሼ?» አለ።

የእህታቸው ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ቀያሽ ነው፤ መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን እየለካ፣ ሰው ረግጦት በማያውቅ ሜዳ በድንኳን ይኖራል። ለስብሰባ ተጠርቶ መምጣቱ ነው፤ አጎቱ ሥራ ለውጠው እዚህ ሆቴል መግባታቸውን አልሰማም። ተቃቀፉ። የአለቃ ነጭ ጋዋን ላይ የአንድ አገር አቧራ ተላለፈ፤ ይህም ሆኖ ስለ ማፍላት ቃል ያልወጣቸው በሕይወታቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የእህታቸው ልጅ በኪራይ አልጋ እንደማያድር አስታውቀው፣ ሸሚዙን በገዛ እጃቸው ተኩሰው፣ ሻንጣውን አስይዘው ወደ ቤት ወሰዱት።

መንገድ ላይ የሆዳቸውን አጫወቱት። ልጃቸው ሚጣ ሩቅ ቦታ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች። ጥርሷ ላይ ብሬስ የሚሉት የማቃኛ ሽቦ ታስሮላታል፤ ያውም ገና ግማሽ መንገዱን አልጨረሰም። ሐኪሙ ይቆይ ቢልም አለቃ አሻፈረኝ ብለው ለነገ ጠዋት ቀጠሮ አስይዘዋል፤ ሽቦው ይወልቃል። ልጃቸውን ለሽቦ አሳልፈው አይሰጡም።

ቀያሹ እየሰማ ራሱን ነቀነቀ። የነቀነቀው በጨዋነት ይሁን በድካም፣ ለመለየት የሚያስችል መብራት በመንገዱ ላይ አልነበረም።

ቤቱ ከጫማ አዳሽ ሱቅ በላይ ያለ ነው። የሚጣ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን መስኮቱ ስር ተክላ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ሚጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። እንግዳውን አይታ ሳቀች፤ ስትስቅ ሽቦው ብልጭ አለ።

ስለዚህ ሳቅ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጣ ጥርስ በተፈጥሮው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ነበርና ከልጅነቷ ጀምሮ የምትስቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነው። ሽቦው ከታሰረ ወዲህ፣ ጥርሷ ቦታ ቦታውን መያዝ ሲጀምር፣ ያች እጅ ቀስ በቀስ ሥራ ፈታች። ልብ ያለችው እናቷ ብቻ ናት፤ ተናግራ እንዳታስደነግጣት ብላ ዝም ብላለች።

ሻይ ቀረበ። ቀያሹ ይቅርታ ጠይቆ ፊቱን መለስ አደረገና ከአፉ ሁለት ስስ ግልጽ ነገሮች አወጣ። በቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቃቸው፤ ከሸሚዝ ኪሱ ባወጣት ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ከተታቸው፤ ሳጥኗም ቀጭ ብላ ተዘጋች። የአለቃ ብርጭቆ ከጠረጴዛውና ከአፋቸው መሃል ቆሞ ቀረ።

«አንተም?» አሉ።

«እኔም ጋሼ። ጥርሴ ወረፋ ላይ እንዳለ ሰው ይገፋፋ ነበር፤ ይኸው ተራ እያስያዝነው ነው።»

አለቃ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጢም ያወጣ፣ ተራራ የሚለካ ሰው እንደ ሕፃን ፕላስቲክ ሲያኝክ ማየታቸው ገረማቸው፤ እሱ ለሚውልበት ሜዳ ጥርስ ማሳመር ለማን እንደሆነም ጠየቁ። ቀያሹ በትሕትና አስረዳ። ጥርስ ሲደራረብ ብሩሽ የማይደርስበት ጉድባ ይፈጠራል፤ ጉድባው ይበሰብሳል፤ ድዱም ይቆስላል። እሱ ራሱ በዚህ ሰበብ አንድ መንጋጋ ጥርስ አጥቷል፤ ያን ጊዜ ሐኪም ወዳለበት ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ጉንጩን ይዞ ያለቀሰው ለቅሶ መንገዱን ሳያርሰው አልቀረም።

«ቤትህ ሆነህ ቢሆን አልከራከርህም» አሉ አለቃ። «ግን ስማኝ ልጄ። እኔ መጽሐፍ አላገላብጥም፤ ያንን ጣሳ ግን አንብቤዋለሁ። ባለ ከረባቱም፣ የተማረውም፣ ሻንጣ ተሸካሚ ያለውም ሁሉ ቤቱ ሳለ ጥንቁቅ ነው። ከቤቱ ሲወጣ ይደክመዋል፤ ሲደክመው ይረሳል። እኔ ራሴ ደክሞኝ የጎረቤት በር ላይ ቁልፌን ሳሽከረክር ተገኝቻለሁ።»

«ከነጫማህ አልጋ ገብተህም ታውቃለህ» አለች ሚስታቸው፣ ከሱሪው ቀና ሳትል።

አለቃ አልሰማ ብለው ቀጠሉ። «ይህች ልጅ እዚያ ማን አላት? ሽቦው ቢወጋት ለማን ትናገራለች? ቢላቀቅ ማን ያይላታል? እዚህ እናቷ አለች፣ እኔ አለሁ። እዚያ ያለው አልጋና ደወል ብቻ ነው።»

መልካም አባት የሚናገረው እንዲህ ነው፤ በነገሩ ውስጥ ውሸት የለም። ስህተቱ የተደበቀበትን ቦታ ለማግኘት መሬት የለመደ ዓይን ያስፈልግ ነበር።

«ጋሼ» አለ ቀያሹ፣ «እርስዎ የሚያዩት የጠፋውን ብቻ ነው። ያልጠፋው ጣሳዎ ውስጥ አይገባም።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ስንት እንግዳ ማቃኛውን ከአፉ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ አፉ አድርጎ በሰላም ቤቱ ገብቷል። እሱን ማን ይቆጥራል? ድካም ያስረሳል ያሉኝ ግን እውነት ነው። ስለዚህ ነው እኔ በማስታወስ የማልተማመነው። የዚህ ዕቃ ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ አፌና ሳጥኑ። ናፕኪን የለም፣ ራስጌ የለም፣ ሱሪ ኪስ የለም። እጄ ለምዶታል፤ እኔ ቆሜ ባንቀላፋ እንኳ እጄ ይሠራል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አልተወውም፤ ሙቀት ቅርጹን ያጠፋዋል። በርሜል ውሃ በምንጠጣበት ቦታ፣ ፈልቶ በበረደ የመጠጥ ውሃ ነው የማለቀልቀው፤ በሙቅ ውሃ ግን ፈጽሞ። ሙቅ ውሃ አይወድም።»

«ሙቅ ውሃ የሚጠላው ቆሻሻ ብቻ ነው» አሉ አለቃ።

ቀያሹ ፈገግ ብሎ አለፈው፤ ይህን በማለፉም ነገ ጠዋት ዋጋውን ያገኛል። ወደ ሚጣ ዞሮ ስለ ሽቦዋ ጠያየቃት። ሽቦ ሲወጋት የምትለጥፍበትን ሰም ታውቀዋለች፤ ሐኪሙ አሳይቷታል። ከረሜላና ጠንካራ ነገር እንደማይፈቀድ ታውቃለች፤ ከረሜላውን ሲያነሳ ግን ዓይኗን ወደ ሻንጣዋ ሰበረች፤ እናቷም እጇን ሻንጣው ውስጥ ሰድዳ አንድ ከረጢት ከረሜላ ጎትታ አወጣችና የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ከዚያ ቀያሹ ለአጎቱ በሚገባቸው መንገድ ሊያስረዳ ሞከረ። ጥርስ ግትር ነው፤ መሃል ላይ ከለቀቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ግማሹ ተሠርቶ የተተወ መንገድ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ እንደሚወስደው ማለት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳ ሐኪሙ የሚያዘው መያዣ አለ፤ እሱን ያላደረገ ሰው ጥርሱ ውሎ አድሮ ይሸሻል። ይህን ሁሉ በተሰበረ ድምፅ ተናገረ፤ ከንጋት ጀምሮ በመኪና ሲናጥ የዋለ ሰው ነው። አለቃም ደክሟቸዋል። ሁለት የደከሙ ሰዎች ሲከራከሩ የሚያሸንፈው የቤቱ ባለቤት ነው።

«ነገ ይወልቃል» አሉ። «አለቀ።»

ሚጣ አልተቃወመችም። ሥራ ፈትታ የከረመችው እጇ ግን ተነስታ ወደ ድሮ ቦታዋ፣ ወደ አፏ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት አለቃ ከሁሉ ቀድመው ተነሱ። ያደሩት አንሶላ ሲያጥፉ ነበር፤ በሕልማቸው። ወገባቸውን ይዘው ለሻይ ውሃ ጣዱ። ቀያሹ ተነስቶ ማቃኛውን አወለቀ፤ ዳቦውን በላ፤ ብሩሹን ይዞ ጥርሱን ሊፍቅ ወደ ታች ወረደ። ቤት ነው፣ የአጎቴ ቤት ነው ብሎ ልቡ ስላረፈ፣ ሰማያዊዋን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ትቷት ሄደ። በሜዳ ኑሮው እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

አለቃ አዩት። እጃቸው በልማዷ ተዘረጋች፤ ማቃኛውን ወደ መስኮቱ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥግ ላይ ጭጋግ የመሰለች ነጠብጣብ አለች። ይህ እናቱ የራቀችው ልጅ፣ በበርሜል ውሃ እያለቀለቀ አፉ የሚከተው ይህንን ነው? ትናንት ክፉኛ ተከራክረውታል፤ ዛሬ ደግሞ ይለያያሉ። ለእህታቸው ልጅ ከእንፋሎት የተሻለ ምን ስጦታ አላቸው?

ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ክዳኑን ያስጨፍራል። ጎድጓዳ ሳህን አመጡ፤ ሁለቱንም ማቃኛ ከተቱ፤ ውሃውን ገለበጡበት።

ነገሩ የፈጀው አንድ እስትንፋስ ነው። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ለሰለሰ፣ ከዚያ ተኮማተረ፣ ከዚያ ፀሐይ እንደመታው ቅጠል ጠርዝና ጠርዙ ተገናኘ። አለቃ በማንኪያ አወጡት። በአውራ ጣታቸው ሊያቃኑት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ክፉ ቀን ነውና ለመተኮስ ሁሉ አስበው ካውያውን በዓይናቸው ፈለጉት። በዚህ መሃል ቀያሹ ብሩሹን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሚስታቸውና ሚጣ ከጓዳ ወጡ። ሳህኑ ይጨሳል።

«ፈላ?» አለ ቀያሹ።

«ፈላ» አሉ አለቃ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የተኮማተረውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ድካም ያለበት፣ ከሆዱ የሚወጣ ሳቅ። የካምፑ ውሻ ይህንኑ ሳጥን በአፉ አንጠልጥሎ ሲሮጥ ኮረብታ ለኮረብታ አባርሮ እንዳስጣለው፣ ወንዝ ሲሻገሩ ድንኳኑ ሲወሰድ ሳጥኗ ኪሱ ውስጥ እንደነበረች አጫወታቸው። ይህን እያወራ ሻንጣውን ከፍቶ ከጎኑ ኪስ አንድ ትንሽ ቦርሳ አወጣ። በውስጡ ሌላ ጥንድ ነበር፤ ማቃኛው ጥርሱ በቀና ቁጥር በአዲስ ይለወጣልና፣ ከዚህኛው በፊት ያደርገው የነበረ። አለቀለቀው፣ ጫነው፤ ትንሽ ጠበበውና ፊቱን አጨማደደ፣ ግን ገባለት። የተበላሸውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሐኪሙ ላከ። የሻይ ብርጭቆው ሳይበርድ መልስ መጣ፤ የተጣመመውን እንዳያደርግ፣ በድሮው እንዲቆይ፣ አዲሱ ተሠርቶ ወዳለበት እንደሚላክለት።

አለቃ ማንኪያውን አስቀመጡ። ቅስማቸው ተሰብሯል። ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት ውሃ ዓይናቸው እያየ ከድቷቸዋል። ሳህኑን አነሱና ያን ውሃ እስከ ጠብታው ደፉት።

ያኔ ሚጣ ከእጇ ጀርባ አንድ ነገር አጉተመተመች።

«ምን አልሽ?»

ደግማ አጉተመተመች።

«እጅሽን አንሺና ንገሪኝ፣ ልጄ።»

እጇን አነሳች። «እሱ ሜዳ ላይ ሲኖር ምንም አልሆነበትም፣ አባዬ። የተበላሸው እኛ ቤት ነው።»

የሚጣ እናት ክር የምትበጥስ አስመስላ ፊቷን አዞረች። አለቃ ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እጇን አዩ፤ ያች እጅ ምን ስትሠራ እንደኖረችና ከመቼ ወዲህ እንዳረፈች፣ ትናንት ማታ ደግሞ ለምን እንደተመለሰች ያን ጊዜ ገባቸው። በሕይወታቸው ሙሉ እድፍ ሲፈልጉ ኖረው፣ ጎናቸው ያለውን ሐዘን ሳያዩት ቀርተዋል።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የሚጠብቀው ቤቱ አይደለም ማለት ነው» አሉ። «ልማዱ ነው። እኔ ቤት ሆኜ ልማዱ የለኝም፤ አንተ ሜዳ ሆነህ አለህ።» ወደ ሚጣ ሻንጣ እያዩም፣ «ታዲያ ምን ምን ትያዝ?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ ከአለቃ አፍ ለመስማት ተራሮች ዘንበል ሳይሉ አልቀሩም። ቀያሹም ድካሙን ረስቶ ነገራቸው። ለስላሳ ብሩሽና በሽቦው ስር የምትገባ ቀጭን ብሩሽ ትያዝ፤ ከበላች በኋላ ሁሉ ትፋቅ፤ መፋቂያ ቦታ ካጣች ቢያንስ ትጉመጥመጥ። ሰሙና ትንሽ መስታወት ከእጇ አይለዩ። ፍራፍሬውን በጥርሷ ከመግመጥ በቢላ ቆራርጣ ትብላ። ሽቦው ሲወጋት ሰሙን ታድርግ፤ በመቀስ ልቁረጠው እንዳትል፤ የላላ ነገር ካለ ፎቶ አንስታ ለሐኪሟ ትላክ። «የሐኪሟ ስልክ እርስዎም ዘንድ ይኑር» አለ ቀያሹ፤ «ስትጨነቅ መጀመሪያ የምትደውለው ለእርስዎ ነው፤ የዚያን ጊዜ አፍዪው እንዳይሏት።»

አለቃ ይህን ስድብ እንደ ጉርሻ ዋጡት።

ቀጠሮውንም አላስቀሩትም። ሐኪሙ መፍቻውን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ አለቃ በሩ ላይ ቆመው፣ ሊያስወልቁ ሳይሆን ሊማሩ መምጣታቸውን አስታወቁ። ሐኪሙ ሽቦውን አጠባበቀላት፣ ሰም ጨመረላት፣ በትምህርት ቤቱ ከተማ ለሚገኝ የሙያ ባልደረባው ደውሎ አደራ አለ፤ ዋናውን ቀጠሮ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ አደረገላቸው። ማታ የሚጣ እናት ከሆቴሉ ከተጣለ አሮጌ ናፕኪን ባለ ክር መሳቢያ ከረጢት ሰፋች፤ ብሩሹም፣ ሰሙም፣ መስታወቱም ገቡበት። ናፕኪን ለጥርስ ውለታ የዋለው ያን ቀን ነው። በማግስቱ አውቶቡሱ ሲነሳ ሚጣ በመስኮት ብቅ ብላ በሁለት እጇ ተሰናበተች፤ አፏ ላይ የቀረ እጅ አልነበረም።

ለዕረፍት የተመለሰች ዕለት አለቃ ቦርሳዋን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ መስኮቱ ወሰዷት። ብርሃን ላይ አቁመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሷን አዩ። ድዷ አላበጠም፣ በሽቦው ዙሪያ የተጠራቀመ ነገር የለም፣ ጥርሷ ተራውን ጠብቆ ወደፊት ሄዷል። «ንጹህ» አሉ። ይግባኝ የለውም። ትንሽ ቆየት ብሎ ሽቦው በጊዜው ወለቀ፤ የማታ መያዣዋንም ለማስታወስ ማንም አላስፈለጋት፤ እጇ ለምዶታልና። በጥርስ ሕመም ያልጠፋ ትምህርት፣ በድጋሚ ሥራ ያልባከነ ዓመት፣ ሰው ፊት ሳይሸፈን የሚስቅ ሳቅ አተረፈች። ይህ ሁሉ የተገኘው በአንዲት ሳጥን በምታህል ልማድ ነው።

ሆቴሉ ምድር ቤት ያለው ድካም እንደ ዱሮው ነው፤ አንሶላው አላለቀም። ናፕኪን ግን ሳይራገፍ ውሃ አይነካም። ከውስጡ የሚወጣ ማቃኛ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ ወዲያው ወደ እንግዳ መቀበያው ይላካል፤ እንግዳው ገና ሻንጣውን እየቆለፈ ሳለ ይደርሰዋል። የብስኩቱ ጣሳ ዛሬ የሚይዘው ብስኩት ነው።

ከማፍያው በላይ ግን በክር የተንጠለጠለ፣ ጠርዝና ጠርዙ የተገናኘ ግልጽ ነገር አለ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አንጋጦ ያየዋል፣ ምንነቱንም ይጠይቃል። አለቃ ወገባቸውን ደግፈው ቀና ይላሉ።

«እሱ» ይላሉ፣ «እቤት ገብቶ የሞተ መንገደኛ ነው።»